ሌባው ማን ነው?

ስለ ልጆች የምሥጢር ታሪክ አጭር መግለጫ



የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምሥጢር ታሪክ የሚባለው የድርሰት ዓይነት ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚሠራና ለልጆች ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ ለመግለጥ ነው። ነገሩን እንዳነሣ ያደረገኝ ባለፈው ክረምት በደሴ ከተማ ያየሁት ነው። አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ሳለሁ፥ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ለልጆች የምሥጢር ታሪክ የሚጽፉ ደራሲ ንግግር እንደሚያደርጉ ተነገረን። የአክስቴ ልጅ ዐሥር ዓመቷ ነውና እንዳደርሳት ታዘዝሁ። እኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በመሆኔ ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ መስሎኝ በር ላይ ቆሜ ልጠብቃት አስቤ ነበር። ነገር ግን ንግግሩ ሲጀመር ሳላውቀው ወደ ውስጥ ገባሁ፤ እስከ መጨረሻውም ሳልወጣ ቀረሁ።

መጻሕፍት ቤቱ ጠባብ ነበር። ሃያ ያህል ልጆች በመደርደሪያዎቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወላጆች ከኋላ ቆመዋል። ደራሲው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ልጆቹም «ጋሼ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ንግግራቸውን የጀመሩት ስለ ራሳቸው መጻሕፍት በማውራት አልነበረም። «እንቆቅልሽ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አሉ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። «እንግዲያውስ ሁላችሁም ሥራዬን ታውቁታላችሁ» ብለው ሣቁ።

አባባላቸው እውነት ነው። እንቆቅልሽ በአማርኛ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ተብሎ ይጀመራል፤ መልሱን ያጣ ሰው «ሀገር ስጠኝ» ተብሎ ይጠየቃል። በእኛ በጨፋ ሁለቱም ቋንቋዎች በየቤቱ ይነገራሉና፥ ይህንኑ ጨዋታ በኦሮምኛ «ሂቦ» ብለን እንጫወተዋለን። ደራሲው ለምሳሌ ያህል ይህን ጠየቁ፦ «ስሄድ ትከተለኛለች፤ ልያዛት ብል አትያዝም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥላኝ ትሄዳለች።» ልጆቹ ጥቂት ካሰቡ በኋላ አንዱ «ጥላ!» ብሎ ጮኸ። ደራሲውም መልሱ «ጥላኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ተቀምጦ እንደ ነበር አሳዩ። የምሥጢር ታሪክ ሕግም ይኸው ነው፤ መልሱ ከአንባቢው ዓይን ፊት ይቀመጣል፥ ነገር ግን አንባቢው ልብ እንዳይለው በሌላ ነገር መካከል ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ ደራሲው ከልጆቹ ጋር አንድ ታሪክ እንሥራ አሉ። ስፍራውን ለመምረጥም ከሩቅ የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቁ። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ጠቁማ «እሱ ከጨፋ ሮቢት ነው» አለች። እሳቸውም «መልካም! ታሪካችን በጨፋ ሮቢት በሮብ ገበያ ይሁን» አሉ። ታሪኩን እንዳስታወስሁት በራሴ አነጋገር እጽፈዋለሁ፤ አንባቢም በትዕግሥት እየተከተለ ሌባውን ይፈልግ።

አንዲት እናት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ገበያ ይደርሳሉ። ሙቀቱ እንዳይጎዳባቸው ቅሉን ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ሥር በጥላው አስቀምጠው በርበሬ ሊገዙ ይሄዳሉ። ዘመድ አግኝተው ሲያወጉ ይቆዩና በሰባት ሰዓት ይመለሳሉ። ቅሉን ያስቀመጡበት ቦታ ፀሐይ መትቶታል፤ ቅሉ ግን የለም። በአቅራቢያው ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው በሱቁ በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው፤ በመኪናው አጠገብ የበላበት የምሳ ሳህን ተቀምጧል። ሁለተኛው ከዛፍ ሥር የተኛ አህያ ነጂ ነው። ሦስተኛው ቆሎ ሻጭ ልጅ ነው። ሲጠየቁ ልብስ ሰፊው «ከጠዋት ጀምሮ ከመኪናዬ አልተነሣሁም» አለ። አህያ ነጂው «ተኝቼ ነበር፤ ያየሁት የለም» አለ። ቆሎ ሻጩ «ቦርከና ወርጄ እግሬን ታጥቤ አሁን መምጣቴ ነው» አለ። የልጁ እግር ግን እስከ ጉልበቱ ደረቅ አቧራ ለብሷል።

ደራሲው ይህን ተናግረው «ሌባው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ቆሎ ሻጩ!» ብለው ጮኹ። እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ ያንኑ ብያለሁ። ደራሲው ዝም ብለው ቆዩና «መዋሸቱን አወቃችሁ፤ መስረቁንስ በምን አወቃችሁ?» አሉ። የሚመልስ ጠፋ። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ «ጋሼ፥ ልጁ ለምን ዋሸ?» አለች። ደራሲው ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ በዚህ ጥያቄ ደስ አላቸው። ልጁ የዋሸው ቆሎውን መሸጥ ትቶ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ስለ ዋለና እናቱ እንዳይሰሙበት ስለ ፈራ ነበር።

ታዲያ ቅሉ የት ገባ? ልብስ ሰፊው ከመኪናው አልተነሣም፤ ምሳ ግን በልቷል። ስለዚህ ምሳውን ያመጣለት አራተኛ ሰው ነበረ ማለት ነው። የመጣችው ሚስቱ ናት። ቅሉ የተቀመጠው በጠዋት ጥላ ነበር፤ ፀሐይ ስትዞር ጥላው ሸሸ። ሴትዮዋ ቅቤው ሲቀልጥ አይታ፥ የሰው ንብረት አይበላሽ ብላ ወደ ሱቁ ውስጥ አስገባችውና ልጇን ልታጠባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልብስ ሰፊውም ጀርባውን ሰጥቶ ስለ ነበር አላየም። ስለዚህ ሌባ አልነበረም፤ የነበረው አንድ በጎ ሥራ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እኔ ከልጆቹ ሁሉ ይልቅ ደነገጥሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ከዚህ ምሳሌ የምሥጢር ታሪክ አምስት ክፍሎች እንዳሉት እንረዳለን። የመጀመሪያው መነሻው ነው፤ አንድ ነገር ይጠፋል፥ ወይም አንድ ጥፋት ይደርሳል። ሁለተኛው ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አድርገውት ሊሆን የሚችሉ ሰዎች መሆን አለባቸው። ሦስተኛው ፍንጭ ነው፤ በታሪካችን የምሳው ሳህንና የጥላው መዞር ፍንጮች ናቸው። አራተኛው አሳሳች ፍንጭ ነው፤ አቧራ የለበሰው እግር እውነት ነው፥ የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። አምስተኛው መፍቻው ነው፤ በዚህ ጊዜ አንባቢው «አዬ፥ ይህን እኮ አይቼው ነበር!» ሊል ይገባል። ደራሲው እንደ ነገሩን፥ ጸሐፊው ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ከመጨረሻው ነው። መልሱን አስቀድሞ ያስብና ወደ ኋላ እየተመለሰ ፍንጮቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። መልሱን ሳያውቅ የሚጀምር ጸሐፊ መንገዱን ሳያውቅ እንግዳ እንደሚመራ ሰው ነው።

ይህ ድርሰት በውጭ ሀገር የራሱ ታሪክ አለው። በዘመናዊ መልኩ የጀመረው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው ይባላል። በ1887 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርተር ኮናን ዶይል የተባለ ሐኪም ሼርሎክ ሆምስ የሚባለውን መርማሪ ለዓለም አስተዋወቀ። ዶይል በኤድንብራ ሕክምና ሲማር ጆሴፍ ቤል የሚባል መምህር ነበረው። ይህ መምህር የበሽተኛውን እጅ፥ ልብስና አካሄድ በማስተዋል ብቻ ሥራውንና የመጣበትን ስፍራ ይናገር ነበር። ሆምስ የተቀረጸው በእርሱ አምሳል ነው። እንግዲህ የመርማሪ ጥበብ ከሐኪም ጥበብ ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው፤ ሁለቱም ምልክትን ያያሉ፥ ምክንያትን ይፈልጋሉ።

ለልጆች ከተጻፉት መካከል በጣም የታወቀው ጀርመናዊው ኤሪክ ኬስትነር በ1929 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ኤሚልና መርማሪዎቹ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ኤሚል የተባለ ልጅ እናቱ የሰጡትን አንድ መቶ አርባ ማርክ ይዞ በባቡር ወደ በርሊን ሲጓዝ፥ ገንዘቡ እንዳይጠፋ ከኮቱ ኪስ ጋር በመርፌ ያያይዘዋል። በመንገድ እንቅልፍ ይወስደውና ገንዘቡ ይሰረቃል። የበርሊን ልጆች ተባብረው የጠረጠሩትን ሰው ይከተሉታል፤ በመጨረሻ ሰውዬው ገንዘቡን ባንክ ውስጥ ሊመነዝር ሲል ይደርሱበታል። ሰውዬው ግን ገንዘቡ የራሴ ነው ቢል ማን ያስረዳበታል? ኤሚል በመርፌ ወግቶት ስለ ነበር በየብሩ ላይ ቀዳዳ አለ። ያ ትንሽ ቀዳዳ ከልጆቹ ጩኸት ሁሉ ይበልጥ መሰከረ። ልጆቹ ብዙ ስለ ሆኑ አልረቱም፤ የረቱት ማስረጃ ስለ ነበራቸው ነው።

በዚያው በ1929 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ለዚህ ድርሰት ዐሥር ደንቦች አወጣ። ከእነዚህም መካከል መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይደብቅ፥ ምሥጢሩ በመንፈስ ወይም በአስማት ኀይል እንዳይፈታ፥ መርማሪውም ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ እንዳይገኝ የሚሉት ይገኛሉ። የደንቦቹ ሐሳብ አንድ ነው፤ አንባቢው መርማሪው ያየውን ሁሉ አይቶ በትክክል የመፍረድ ዕድል ይኑረው ማለት ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፥ ጥፋተኛን የመፈለግ ነገር ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ቀድሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እንዲወጣ ይጠየቅ ነበር። ሳይገኝ ከቀረም የጠፋውን ዋጋ ሀገሬው አዋጥቶ ይከፍል ነበር። ከዚህ የተለየ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓትም ነበረ። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ተሰጥቶት እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ሁለቱን ብናወዳድራቸው ልዩነታቸው ትልቅ ነው። አውጫጭኝ ጉድለት ቢኖረውም ሰውን ይጠይቃል፤ ሌባ ሻይ ግን ማንንም አይጠይቅም፤ ስካር በፈረደው ይፈርዳል። ዛሬ ሌባ ሻይ የለም። ነገር ግን ማስረጃ ሳንይዝ «እገሌ ነው» ብለን ስናወራ፥ ወሬያችን እንደዚያ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ በአንዱ ሰው ደጅ ይወድቃል።

በጽሑፍ በኩልም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ በጻፉት «ዘ አፈርሳታ» በተባለው ልብ ወለድ፥ የአንድ ሰው ጎጆ በመቃጠሉ የመንደሩ ሰዎች አጥፊውን ለማግኘት ሲመካከሩ ያሳያሉ። በወሎ የተወለዱት ማሞ ውድነህ «ሰላዩ ሬሳ»ን የመሳሰሉ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ መልሰዋል። ይልማ ሀብተየስም በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በመጻፍ ይታወቃሉ። እነዚህ ሁሉ ግን የጻፉት ለአዋቂ ነው።

ለልጆች በኩል የተደከመውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚጠሩት ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ብዙ ዓመታት ቆይተዋል፤ ያረፉትም በ2009 ዓ.ም. ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ፥ በልዩ ልዩ ቋንቋ ከተጻፉት የልጆች መጻሕፍት መካከል በአማርኛ የተጻፈ በማጣታቸው ቁጭት አደረባቸው። ስለዚህም በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎም በአዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆች እንዲደርሱ አደረጉ። አንድ ሰው ቁጭቱን ወደ ሥራ ሲለውጠው ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ እንማራለን።

«ተረት አለን፤ የምሥጢር ታሪክ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ተረት መልካሙንና ክፉውን ለይቶ ያሳየናል፤ ጅብ ሁልጊዜ ሆዳም፥ ጦጣም ሁልጊዜ ብልጥ ናት። በኑሮ ውስጥ ግን ሰው ጅብ ወይም ጦጣ መሆኑ በግንባሩ ላይ አልተጻፈም። የምሥጢር ታሪክ ልጁን ከዳኛው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጠርጥር፥ ግን አትፍረድ ይለዋል። መጀመሪያ ያሰበው ስሕተት ሆኖ ሲያገኘውም አያፍርም፥ ይደሰታል እንጂ። መሳሳትን በደስታ የሚቀበል ትምህርት ከዚህ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እነሆ አሁን የደነገጥሁበትን ምክንያት እናገራለሁ። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከሰው የተዋስሁት የፊዚክስ መጽሐፍ ጠፋብኝ። የዚያን ቀን ከትምህርት በኋላ ወዴት እንደ ሄደ አንድ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ብጠይቀው «በቀጥታ ወደ ቤቴ» አለኝ። ሌሎች ልጆች ግን ማምሻውን በከተማው ውስጥ አይተውት ነበር። መዋሸቱን እንዳወቅሁ ሌባ መሆኑን ያወቅሁ መሰለኝ፤ ለአምስት ለስድስት ልጆችም ነገርሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ከሳምንት በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ብሄድ ባለቤቱ «መጽሐፍህን ረስተህ ሄደህ አስቀምጬልሃለሁ» ብለው ሰጡኝ። ለካስ የረሳሁት እኔው ነኝ። ጓደኛዬ ያን ማታ የሄደው ሽንኩርት በመኪና ለመጫን ነበር፤ ለደብተርና ለልብስ የሚሆነውን በዚያ ያገኝ ነበርና እንዳናውቅበት ደበቀን። እኔም የጠየቅሁት «የት ነበርህ?» ብዬ ብቻ ነው። ያቺ የደሴ ልጅ የጠየቀችውን ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም «ይሁን፥ አለፈ» ብሎኛል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አይቀመጥም። ለስድስት ልጆች የነገርሁትን ወሬ ለመመለስ ስድስቱን ሁሉ ማነጋገር ነበረብኝ፤ እነሱ ለማን ለማን እንደ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን እንድጽፍ ፈቃዱን ጠይቄው ስሜን ካላነሣህ ጻፍ ብሎኛል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ክፍል በየመንፈቀ ዓመቱ በጨፋ ሮቢትና በአካባቢዋ የሚፈጸም አንድ አጭር የምሥጢር ታሪክ ለታናናሾቻችን ይጻፍ፤ የቻለ በአማርኛ፥ የቻለ በኦሮምኛ። ታሪኩ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ይለጠፍ፤ መልሱ በፖስታ ታሽጎ ለአንድ መምህር ይሰጥ። መልስ የሚያቀርብ ተማሪ የጥፋተኛውን ስም ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ይጻፍ፤ ያለ ማስረጃ የመጣ መልስ ትክክል ቢሆንም አይቆጠርለት። የእውነተኛ ተማሪ ስም ግን በምንም ምክንያት በታሪኩ ውስጥ አይግባ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፤ ገበያችን፥ ወንዛችንና መንገዳችን ለታሪክ የሚሆን ነገር ሞልቶባቸዋል።

ወላጆችም ማታ ማታ ከልጆቻቸው ጋር እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ልጁ መልሱን ሲያገኝ «ጎበዝ» ብለው ብቻ እንዳይተዉት እለምናለሁ። «በምን አወቅህ?» ብለው ይጠይቁት። እኔም ይህን ጥያቄ ቀደም ብዬ ተምሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያ ጓደኛዬ ከአጠገቤ ይቀመጥ ነበር።